ንግሥት ቪክቶሪያ ያላደሩበት ቤት

በአሜሪካ አገር «የቪክቶሪያ ቤት» እየተባሉ የሚጠሩት አሮጌ ቤቶች፣ ንግሥት ቪክቶሪያ ያላሠሩዋቸው፣ ያላደሩባቸው፣ መኖራቸውንም ከቶ ያልሰሙት ቤቶች ናቸው። ንግሥቲቱ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያለውም ዓመት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ነው) ከ1837 እስከ 1901 ዓ.ም. ድረስ በእንግሊዝ ዙፋን ላይ በተቀመጡበት በዚያ ረጅም ዘመን ከውቅያኖስ ማዶ የተሠራው ቤት ሁሉ፣ ባለቤቶቹ ከእንግሊዝ ነገሥታት አገዛዝ ለመውጣት ደማቸውን ያፈሰሱ ሰዎች የልጅ ልጆች መሆናቸው ሳይታሰብ፣ በእርሳቸው ስም ተጠምቆ ቀረ። ከእነዚህም መካከል ጌጠኛው ወገን «የንግሥት አን ስልት» ይባላል፤ ንግሥት አን ግን በ1714 ዓ.ም. ያረፉ ስለ ሆኑ፣ አንድ የሜሪላንድ ሰው በ1890 ገደማ ያሠራው የእንጨት ቤት፣ ንጉሥ በሌለበት አገር ቆሞ፣ በአንዲቱ ንግሥት ዘመን ተወልዶ በሌላይቱ ንግሥት ስም የሚጠራ፣ ሁለት ዘውድ የደፋ ቤት ሆኖ ይገኛል።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ደግሞ የቪክቶሪያ ስም ሲነሣ ትዝ የሚለን ቤት ሳይሆን ደብዳቤ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1862 ዓ.ም. የጻፉት ደብዳቤ ለንደን ከደረሰ በኋላ በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ መዝገብ ውስጥ ያለ መልስ በመተኛቱ፣ ቁጣ ቁጣን እየወለደ ነገሩ በ1868 ዓ.ም. በመቅደላ አምባ ላይ እንዴት እንደ ተፈጸመ፣ ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁም ተወስዶ በባዕድ አገር እንዴት እንደ ቀረ፣ ፊደል ያልቆጠረ እንኳ ያውቀዋል። ስለዚህ ከዋሽንግተን አጠገብ የሚኖር አንድ ወዳጄ፣ ስሙን እንዳላነሣ አጥብቆ የለመነኝ ሰው ነውና ወዳጄ እያልሁ ብቻ እጠራዋለሁ፣ የቪክቶሪያ ቤት መግዛቱን በስልክ ለእናቱ በነገራቸው ጊዜ፣ እናቱ ከደብረ ብርሃን የመለሱለት ቃል ይህ ነበር፦ «ምነው ልጄ! የዓለማየሁን አጽም ሳይመልሱልን አንተ ደግሞ ቤታቸውን ገዝተህ ገንዘብ ትጨምርላቸዋለህ?»

ቤቱ ያለው ታኮማ ፓርክ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ሄዶ ክትፎ የበላ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ሳያውቃት በአጠገቧ አልፏል። ከዋሽንግተን የሚወጣው የባልቲሞርና ኦሃዮ የምድር ባቡር መስመር በ1873 ዓ.ም. ከተከፈተ በኋላ፣ ቤንጃሚን ፍራንክሊን ጊልበርት የሚባል የመሬት ነጋዴ በ1883 ዓ.ም. በሐዲዱ ዳር ያለውን ደናማ ስፍራ ገዝቶ፣ ከዋና ከተማው ሙቀትና ረግረግ ሸሽቶ በንጹሕ አየርና በምንጭ ውሃ መኖር ለሚሻው ሁሉ እየሸነሸነ ሸጠለት። የወዳጄም ቤት ከዚያ ዘመን የተረፈ ነው። ማማውን፣ የዓሣ ቅርፊት መስሎ በተነባበረ ጣውላ የተለበጠውን ግድግዳ፣ ቤቱን ከፊትና ከጎን የሚከበውን በረንዳ፣ ከበረንዳው ክፈፍ ላይ እንደ ዳንቴል የተንጠለጠለውን ፍልፍል እንጨት ያየ ሰው ሁሉ የአንድ ጠቢብ አናጢ የዕድሜ ልክ ድካም ይመስለዋል። እውነቱ ግን ሌላ ነው፤ በዚያን ዘመን በእንፋሎት የሚሠሩ መጋዞችና መዘውሮች ይህን ጌጥ በፋብሪካ እየቀረጹ ያወጡት ስለ ነበር፣ የቤት ባለቤት ከካታሎግ መርጦ በርካሽ የሚያዘው፣ የምድር ባቡርም ከደጁ የሚያደርስለት ዕቃ ነበር። ዛሬ ያ ፋብሪካ ከጠፋ በኋላ፣ ከዚያ ከርካሹ ጌጥ የአንድ ክንድ ያህሉን ለመተካት አናጢ ፈልጎ በእጅ ማስቀረጽ ግድ ሆኗልና፣ የመኪና ሥራ የነበረው በዘመን ርዝመት የእጅ ጥበብ ለመሆን በቃ።

ወዳጄ ይህን ቤት የገዛው ለታሪክ ፍቅር ብሎ አይደለም፤ ጣሪያው የሚያፈስ፣ መስኮቱ የሚያፏጭ፣ ወለሉም በእያንዳንዱ እርምጃ የሚያቃስት ስለ ነበር ዋጋው ከጎረቤቶቹ ዝቅ ብሎ ስላገኘው ነው። የታሪክ ፍቅር ያደረበት በኋላ፣ አንድ የሥራ ባልደረባው «የሜሪላንድ ግዛት ታሪካዊ ቤቱን ለሚያድስ ባለቤት እስከ 50,000 ዶላር ድረስ ከግብሩ ላይ ይተውለታል» ብሎ የነገረው ዕለት ነው። በዚያ ማታ ወደ ቤቱ ሲገባ የሎተሪ ዕጣ የወጣለት ሰው አካሄድ ይሄድ ነበር ትላለች ባለቤቱ፤ እርስዋ ግን በሙያዋ የሒሳብ ሠራተኛ ስለ ሆነች ወረቀቱን ተቀብላ እስከ መጨረሻው መሥመር አነበበችና ጠየቀችው።

«የሚተዉልህ ከምታወጣው ገንዘብ ሃያ በመቶውን ነው አይደለም?»

«አዎን።»

«እንግዲያስ ሃምሳ ሺሁን ለማግኘት በሃያ አራት ወር ውስጥ ሁለት መቶ ሃምሳ ሺሕ ማውጣት አለብህ። እነርሱ ሃምሳውን ይሰጡሃል፤ የቀረው ሁለት መቶ ከየት ይመጣል?»

ወዳጄ ለዚህ ጥያቄ እስከ ዛሬ ድረስ ቀጥተኛ መልስ አልሰጠም። ነገር ግን ሕጉን ሲመረምር እንደ ደረሰበትና ለእኔም እንደ ተረከልኝ፣ አዳሽን በግብር የመሸለም ይህ ልማድ የመጣው ከጸጸት ነው። በኒው ዮርክ ከተማ በ1910 ዓ.ም. የተሠራው፣ ሕንፃነቱ ከካቴድራል የማያንሰው የፔንሲልቬንያ ባቡር ጣቢያ፣ ከ1963 ዓ.ም. ጀምሮ ፈርሶ ድንጋዩ ተጥሎ ባዩት ጊዜ፣ አሜሪካውያን እንደ ደነገጠ ሰው ነቅተው በ1966 ዓ.ም. የታሪካዊ ቅርስ ጥበቃ ሕግ አወጡ። ሆኖም የግብሩ ሕግ በዚያን ጊዜ ገና ከአፍራሹ ጋር ነበረ፤ አሮጌውን ቤት የሚያፈርስ ሰው የማፍረሻውን ወጪ ከሚታሰብበት ገቢ ላይ ይቀንስለት ነበርና፣ መንግሥት በአንድ እጁ «ቅርስ ይጠበቅ» የሚል ሰሌዳ ሲሰቅል በሌላው እጁ የመዶሻውን ዋጋ ይከፍል ነበር ማለት ነው። ይህን በ1976 ዓ.ም. አስተካክለው፣ ለአፍራሹ የነበረውን ነፍገው ለአዳሹ ሰጡ፤ በ1981 ዓ.ም. ሃያ አምስት በመቶ አደረሱት፤ በ1986 ዓ.ም. ወደ ሃያ ዝቅ አደረጉት፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ያንኑ ሃያ በአምስት ዓመት ተከፋፍሎ እንዲወሰድ ደነገጉ። እኔ እንደሚመስለኝ ከዚህ የበለጠ ብልሃት ያለው አዋጅ ጥቂት ነው። ባለጸጋ ሰው «አባቶችህ የሠሩትን አክብር» ቢሉት ይስቃል፤ «ብታከብር ከግብርህ ይጎድልልሃል» ቢሉት ግን በማግሥቱ የታሪክ መጽሐፍ ገዝቶ ይገኛል።

ይሁን እንጂ የፌደራሉ መንግሥት ሃያ በመቶ የሚሰጠው ገቢ ለሚያስገኝ ሕንፃ ነው እንጂ ባለቤቱ ራሱ ለሚኖርበት ቤት አይደለም። በዚህ ነገር ወዳጄ እጅግ ተገረመ። ቤቱን ለባዕድ አከራይቶ ራሱ ሌላ ቦታ ቢያድር የሚሸለም፣ በገዛ ጣሪያው ሥር ቢተኛ ግን የማይታወቅ መሆኑን ከግብር አዋቂ በሰማ ጊዜ፣ ጥቂት አስቦ «ለራሴ ባከራየውስ?» ብሎ ጠየቀ። አዋቂው ሳቀ፤ ወዳጄ ግን አልሳቀም ነበር። የቀረው መንገድ የሜሪላንዱ ሆነ፤ ይህኛው ነዋሪውን ባለቤት የሚቀበል ነው፤ በዚያም ላይ የሞንትጎመሪ ካውንቲ በበኩሉ ለቤቱ የውጭ ገጽ እድሳት ከወጣው ገንዘብ ሩቡን ከቤት ግብር ላይ ይተዋል። የእነዚህ ቅናሾች ጠባይም ከገቢ ላይ ሳይሆን ከተወሰነው ግብር ከራሱ ላይ የሚነሣ መሆኑ ነው፤ ስለዚህ አንዱ ዶላር ሳይሸራረፍ አንድ ዶላር ሆኖ ይቆጠራል።

የሜሪላንዱ ማመልከቻ ሦስት ክፍል አለው። በመጀመሪያው ክፍል ቤቱ ታሪካዊ መሆኑ ይመሰከራል፤ በሁለተኛው ሊሠራ የታሰበው ሥራ ሁሉ ክፍል በክፍል፣ መቃን በመቃን ይዘረዘራል፤ በሦስተኛው ሥራው እንደ ተፈቀደው መፈጸሙ ይረጋገጣል። ከሁሉም የሚያስጨንቀው ግን ፈቃዱ ሳይመጣ የተሠራ ሥራ ለቅናሽ የማይቆጠር መሆኑ ነው። ስለዚህ ጣሪያው በሚያፈስበት ሰሞን ወዳጄ ባልዲ ደቅኖ፣ የሚንጠባጠበውን ውሃ ፎቶግራፍ እያነሣ፣ መሰላሉን ዘርግቶ ሳይወጣበት ተቀምጦ ይታይ ነበር። ኢትዮጵያዊ ሰው በኑሮው የሚሰበስበው ፎቶግራፍ የክርስትና፣ የምርቃትና የሠርግ ነው፤ የወዳጄ አልበም ግን የበሰበሰ ደፍ፣ የተሰነጠቀ ልስን፣ ቀለሙ የተቀረፈ መስኮት በአራቱ ማዕዘን ተነሥቶ፣ ከኋላው የክፍሉ ስምና አቅጣጫው ተጽፎበት የሞላበት ነው። እናቱ በየሳምንቱ ሲደውሉ «ንግሥቲቱ መልስ ጻፉልህ ወይ?» ማለታቸውን አልተዉም። ከእንግሊዙ መሥሪያ ቤት በተለየ የዚህኛው ጸሐፊዎች ደብዳቤ የማያስተኙ ትጉሃን ናቸውና፣ ወዳጄ «ጻፉልኝ እማዬ፤ የጻፉት ግን ጥያቄ ነው» ብሎ ይመልስ ነበር። የሰሜኑ መስኮት ከውስጥ በኩል ምን ይመስላል? የእሳት ምድጃው የሸክላ ጌጥ የመጀመሪያው ነው ወይስ ኋላ የገባ? የጭስ ማውጫው ጡብ የሚያያዝበት ሊጥ በምን ይሠራል? ዐፄ ቴዎድሮስ እንዲህ ያለ መልስ ደርሷቸው ቢሆን ኖሮ ምን ያደርጉ እንደ ነበር እያሰብሁ ለብቻዬ ስቄአለሁ።

የጡቡ ጥያቄ ሰበብ ያለው ነው። የዚያን ዘመን ጡብ ለስላሳ ስለ ሆነ በኖራና በአሸዋ ይያያዝ ነበር፤ ዛሬ ሰው በችኮላ ስሚንቶ ቢሞላበት፣ ስሚንቶው ከጡቡ ይልቅ ይጠነክርና ውርጭ በመጣ ጊዜ ተሰነጣጥቆ የሚረግፈው ጡቡ ይሆናል። እንዲህ ያለው ዕውቀት የሚገኘው እድሳቱ በሚመዘንበት በአገር ውስጥ ሚኒስትሩ ሥርዓት ነው፤ ይህም ሚኒስትር በዚያ አገር ፓርክና ቅርስ የሚጠብቅ ሹም እንጂ የአገሩን ፖሊስ የሚያዝ አይደለም። ሥርዓቶቹ በቁጥር ዐሥር ስለ ሆኑ ወዳጄ ከሙሴ ጽላት ጋር ማስተያየቱ አልቀረም፤ በዚያም ላይ ሃምሳ ያህል የትርጓሜ መጻሕፍት ተጽፈውላቸዋልና፣ ስለ ጡብ አጠባ አንዱን፣ ስለ ኖራ ልስን ሌላውን፣ ስለ እንጨት መስኮት ሌላውን እያወጣ፣ ባለቤቱ እራት አቅርባ እስክትጠራው ድረስ የመጽሐፍ ቤት ተማሪ ይመስል ያንበለብላቸው ነበር።

ከዐሥሩ መካከል መከራ ያበዛበት ስድስተኛው ነው፤ የተጎዳው ነገር ይጠገን እንጂ አይለወጥ፣ መለወጡ ግድ ሲሆንም አዲሱ አሮጌውን በመልክ፣ በቀለምና በገጽ ይምሰል ይላል። ይህ በተነገረበት ሰሞን አንድ የፕላስቲክ መስኮት ሻጭ ደጁን አንኳክቶ፣ የቤቱን መስኮት በሙሉ በሁለት ቀን ለመቀየርና የማሞቂያውን ወጪ ለማሳነስ ቃል ገባ። ባለቤቱ በዓይኗ ስትለምን ወዳጄ ሰውዬውን በበረንዳው ላይ አቁሞ ስብከት ጀመረ። የጥንቱ መስኮት የተሠራው ለብዙ መቶ ዓመት ቀስ ብሎ ካደገ ጥብቅ እንጨት ነው፤ በግድግዳው ውስጥ በገመድ የተንጠለጠለ የብረት ክብደት ስላለው በአንድ ጣት ይከፈታል፤ አንዱ አካሉ ቢሰበር ያው አንዱ ብቻ ወጥቶ ይጠገናል፤ የፕላስቲኩ ግን መጋጠሚያው የላላ ዕለት ሙሉው ይጣላል፤ ብርዱንም ከውጭ ተጨማሪ መስተዋት በመደረብ መከላከል ይቻላል፤ እያለ ሲያስተምረው ሻጩ ካርዱን ትቶ ሄደ። የተናገረው ሁሉ እውነት ነው። ተጨማሪው መስተዋት እስኪመጣ ድረስ ግን ያን ክረምት ቤተ ሰቡ ሁሉ በሳሎኑ ውስጥ ጋቢ ተከናንቦ ማሳለፉም እውነት ነው።

ዘጠነኛው ሥርዓት ደግሞ የነገረ መለኮት ትምህርት ያስፈልገዋል። በአሮጌው ቤት ላይ የሚጨመር አዲስ ክፍል ከጥንቱ የተለየ መሆኑ ይታወቅ፣ ነገር ግን ከጥንቱ ጋር ይስማማ ይላል። ወዳጄ በስተጀርባ ወጥ ቤቱን ጥቂት ለማስፋት ባሰበ ጊዜ፣ ይህ ተጨማሪ ክፍል ያለ ቱሳሔና ያለ ፍልጠት ከቤቱ ጋር እንዴት ተዋሕዶ እንደሚቆም የንድፍ ባለሙያው ደጋግሞ እየሣለ ደጋግሞ ሰረዘ። አብዝቶ ቢመስል ሐሰተኛ ታሪክ ነው፤ አብዝቶ ቢለይ ድፍረት ነው። በመጨረሻ የተገኘው መካከለኛ መንገድ በጎረቤት ዘንድ የመኪና ማቆሚያ የመሰለ ሆነ። በዚያም ላይ የአዲሱ ክፍል ወጪ ለቅናሹ አይቆጠርም፤ መልኩ ግን ይመረመራል። ከዚህ ሁሉ ባለቤቱ የተጽናናችበት አራተኛው ሥርዓት ነው፤ በኋላ ዘመን የተደረገ ለውጥም በራሱ ታሪክነት ካገኘ ይጠበቅ ስለሚል፣ በ1920ዎቹ አንድ ባለቤት ነፋስ ለመከልከል ብሎ በመስተዋት የዘጋው የበረንዳው ጎን፣ በተሠራበት ቀን ጥፋት የነበረ ቢሆንም በዕድሜ ብዛት ጽድቅ ተቆጥሮለት እንዲኖር ተፈረደለት። እርስዋም ቡና የምታፈላው እዚያ ነው።

እናቱ ከደብረ ብርሃን የመጡት ልክ የግድግዳው ልስን በሚሠራበት ጊዜ ነበር። ሠራተኛው ከኤል ሳልቫዶር የመጣ፣ እንግሊዝኛውም እንደ እናቲቱ እጅግ ጥቂት የሆነ ግንበኛ ነው። የተጎዳውን ልስን አንሥቶ ሲያበቃ፣ ከሥሩ በቀጫጭን ጣውላ በአግድም የተመታው ማገርና በማገሩ መካከል ሰርጎ የያዘው ኖራ ታየ፤ ኖራውም እንዳይሰነጠቅ የከብት ጠጉር የተቀላቀለበት ነበር። እናቲቱ ተጠግተው በጣታቸው ፈርፈር አደረጉና ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው።

«ለዚህ ነው ልጄ ይህን ሁሉ ወረቀት የምትጽፍ? ይህማ የእኛው ጭቃ ቤት ነው! ማገሩ ማገር፣ ምርጊቱ ምርጊት፤ በጭድ ፈንታ ጠጉር ገባበት እንጂ።»

ግንበኛውም ሳቃቸውን አይቶ፣ በእጁ ምልክት በአገሩ ቤት የሚሠራው በዚሁ ዓይነት ጭቃና ማገር መሆኑን ነገራቸው። ከዚያ በኋላ ሁለቱ አንድ ቃል ሳይግባቡ ሙሉ ሳምንት ተግባቡ። እናቲቱ በርሜሉን ከፍተው የኖራውን ሊጥ ካዩ በኋላ «ሳይቦካ የተመረገ ግድግዳ ይሰነጠቃል፤ ይደር በለው» ብለው ልጃቸውን አዘዙት፤ ወዳጄም ወደ ትርጓሜ መጻሕፍቱ ሮጦ ሲመለከት፣ ውሃ የጠጣ ኖራ ተከድኖ በቆየ መጠን እየተሻለ እንደሚሄድ ተጽፎ አገኘው። ፊደል በማያውቁት እናቱ ዘንድ የነበረውን ትምህርት ከመንግሥት ማተሚያ ቤት ያገኘው መሆኑ ጥቂት ቅር ሳያሰኘው አልቀረም። እርሳቸው ግን ከዚያን ቀን ወዲህ ቪክቶሪያን በመጠኑ ይቅር ያሉዋቸው ይመስለኛል፤ «ለካ ቤታቸው እንደ ሰው ቤት ነው» ሲሉ ሰምቻቸዋለሁና።

ሥራው ተፈጸመ፤ ሦስተኛው ክፍል ከፎቶግራፎቹ ጋር ተላከ፤ ፈቃዱም መጣ፤ የተፈቀደውም ቅናሽ ከሃምሳው ሺሕ በብዙ የራቀ ቢሆንም ወዳጄ ወረቀቱን በመስተዋት አሠርቶ ከምድጃው በላይ ሰቀለው። ሜሪላንድ የእያንዳንዱን ቤት ዋጋ በየሦስት ዓመቱ እንደ ገና ስለምትገምት፣ ጥቂት ቆይቶ ሌላ ደብዳቤ ደረሰው፤ ቤቱ በጣም አምሮ ስለ ተገኘ ዋጋው ከፍ ብሏል፤ ግብሩም እንዲሁ። ባለቤቱ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጣ፣ አንዱ መሥሪያ ቤት የሰጠውን ሌላው በስንት ዓመት መልሶ እንደሚወስደው አሰላች፤ ውጤቱን ግን ለባሏ አልነገረችውም።

ወዳጄም በዚህ የሚበርድ ሰው አልሆነም። የሰበካቸው ቤተ ክርስቲያን ከፕሮቴስታንቶች የተገዛ አሮጌ ሕንፃ ነው፤ በዓመቱ ጉባኤ ላይ «መስኮቶቹ አርጅተዋልና በፕላስቲክ ይቀየሩ» የሚል አሳብ በቀረበ ጊዜ ወዳጄ ብድግ ብሎ፣ ከፔንሲልቬንያ ባቡር ጣቢያ ጀምሮ እስከ ስድስተኛው ሥርዓት ድረስ ዘረዘረው። ሊቀ ካህናቱ እንኳ በመቋሚያቸው ተደግፈው በጥሞና ሰሙት። ሲጨርስ ሒሳብ ሹሙ እጁን አነሣና «ወንድማችን፣ ቅናሹ የሚቀነሰው ከግብር ላይ ነው ብለሃል። ቤተ ክርስቲያናችን ግብር አይከፍልም። እንግዲህ ከምኑ ላይ ይቀነስልናል?» አለ። ወዳጄ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለዚህ ጉዳይ የሚናገረው አጣ። ከኋላ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ «እንግዲያው ነገሩን የሚያጠና ኮሚቴ ይቋቋም» አሉ፤ ጉባኤው በእልልታ ተቀበለው፤ ሰብሳቢ አድርገውም የመረጡት ወዳጄን ነው። በማግሥቱ ማለዳ ባልፍ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ መሰላል ላይ ወጥቶ የሰሜኑን መስኮት ፎቶግራፍ ያነሣ ነበር።